ጠላው ቀጥኖ ነበር

ተረት ልንገራችሁ። የሰማችሁትም ብትኖሩ እንዳልሰማ ሰው ሁኑልኝ።

ከአንድ ወንዝ ወዲህ ቢያድግልኝ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ድምፁ ከመርፌው አይበልጥም። ውሃ ይፈራል፤ ፊቱን እንኳ የሚታጠበው በጣቱ ጫፍ ነው። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ጮኾ ያውቃል፤ ያቺን አንዷን ጩኸት በእህቱ ላይ አዋላት። የአባታቸው ተዝካር ዕለት ታላቅ እህቱ አዝመራ ጠላውን ቀመሰችና፣ "ይኼ ጠላ ቀጥኗል" አለች። ሰው ሳቀ። ቢያድግልኝ ብድግ ብሎ፣ "ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ። በአባቴ አጥንት ገዝቼሻለሁ" አለ። ካፍ የወጣ አፋፍ። ግዝት ደግሞ ያሰረው ሰው ራሱ በገዛ አፉ ካልፈታው አይፈታም። አዝመራ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ወንዙን ተሻግራ ወደ ባሏ አገር ሄደች፤ ሰባት ዓመትም ሳትመለስ ቀረች።

እናታቸው በየዓመቱ፣ "ልጄ፣ ሂድና ፍታት" ትለዋለች። እሱ፣ "ለፋሲካ" ይላል። ፋሲካ ሲደርስ፣ "ለመስቀል" ይላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። አፍሮ ነው።

በሰባተኛው ዓመት በነሐሴ እናቱ አልጋ ላይ ዋለች። እህል አላማራትም፤ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው። "እግሬን አዝመራ ትጠበኝ" አለች። የቢያድግልኝ ሚስት ውሃ አሙቃ፣ "እኔ ልጠብዎት፣ እማማ" ብትላት እግሯን ሰበሰበች። "እጅሽ ይባረክ፤ ግን የአዝመራ እጅ አይደለም።" ቢያድግልኝ በማግስቱ ጠዋት ስንቁን ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ።

ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል።

"ወንዝ ሆይ፣ አሳልፈኝ። እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"አላሳልፍም" አለ ወንዙ። "በበጋ ቁርጭምጭሚት አልሸፍንም ነበር። ያኔ የት ነበርክ?"

ቢያድግልኝ ከዳር ወደ ቆመው ረጅም ሾላ ዞረ።

"ሾላ ሆይ፣ ወንዙ ላይ ውደቅና ልሻገርብህ። ወንዝ አላሳልፍም አለኝ፤ እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"አልወድቅም" አለ ሾላው። "ሥሬን አጠጥቶ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ሰው እንዴት ወንድሙ ላይ ይወድቃል?"

ከዚያው አጠገብ ጉቶ ላይ ተሰክቶ የተረሳ ምሳር አለ።

"ምሳር ሆይ፣ ሾላውን ቁረጥልኝ። ሾላ አልወድቅም አለኝ፤ ወንዝ አላሳልፍም አለኝ፤ እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"አልቆርጥም" አለ ምሳሩ። "እጀታዬ የሾላው ልጅ ነው። ልጅ አባቱን ቆርጦ ማን ቤት ሊያድር ነው?"

ቢያድግልኝ ዳገቱን ጀመረ። ወንዝ ሊሻገር ወርዶ ተራራ ሲወጣ ያየው ዝንጀሮ ሁሉ ታዝቦታል። ከዳገቱ ወገብ ላይ ከሰል አክሳዮች የተዉት እሳት ይጨሳል።

"እሳት ሆይ፣ ምሳሩን አቃጥዪልኝ። ምሳር አልቆርጥም አለኝ፤ ሾላ አልወድቅም አለኝ፤ ወንዝ አላሳልፍም አለኝ፤ እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"አላቃጥልም" አለች እሳት። "ያ ብረት የተወለደው ከኔ ሆድ ነው። ልጇን የምትበላ እናት አይተህ ታውቃለህ?"

ከፍ ሲል ደመና ኮረብታው ላይ ተኝታ አገኛት።

"ደመና ሆይ፣ እሳቷን አጥፊልኝ። እሳት አላቃጥልም አለችኝ፤ ምሳር አልቆርጥም አለኝ፤ ሾላ አልወድቅም አለኝ፤ ወንዝ አላሳልፍም አለኝ፤ እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"አላጠፋም" አለች ደመና። "መብረቅ ልጄ ነው፤ እሳት ደግሞ የመብረቅ ልጅ። የልጅ ልጄን አጥፍቼ ማን ሊጦረኝ?"

ቢያድግልኝ ነደደው። የሚናደደው በእነሱ እየመሰለው አፋፉ ላይ ወጣ። እዚያ ነፋስ ይዞራል።

"ነፋስ ሆይ" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ደመናን አባርርልኝ። ደመና አላጠፋም አለችኝ፤ እሳት አላቃጥልም አለችኝ፤ ምሳር አልቆርጥም አለኝ፤ ሾላ አልወድቅም አለኝ፤ ወንዝ አላሳልፍም አለኝ፤ እህቴ ከማዶ ናት፤ የእናቴ እግር አልታጠበም።"

"ደመና እህቴ ናት" አለ ነፋስ። "አንድ ጊዜ ተቆጥቼ አባርሬያት ነበር። በዚያ ዓመት ሣር እንኳ አልበቀለም። ሄጄ እስካመጣት ድረስ ቀኑ ቀን አልሆነልኝም። ሁለተኛ አላባርራትም። ለመሆኑ ያንተ እህት እናቷ ታማ ለምን ራሷ አትመጣም?"

ይህን እስከዚያ ድረስ የጠየቀው አልነበረም። ቢያድግልኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። "አስሬያት ነው" አለ። "በአባቴ አጥንት ገዝቻታለሁ።"

"በምን ጥፋት?"

"ጠላው ቀጥኗል ብላ።"

"ቀጥኖ ነበር?"

ቢያድግልኝ አፈር አፈሩን እያየ፣ "ቀጥኖ ነበር" አለ።

"ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት። አንተ ጩኽ፣ እኔ አደርሳለሁ።"

አፋፍ ላይ የተጮኸ ነገር ሁለት አገር ይሰማዋል። ገበሬው ይሰማል፣ ቄሱ ይሰማል፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ይሰማሉ። ቢያድግልኝ ከወንዙ ይልቅ ይህን ፈራው። ቢሆንም ተነሳና በሁለት እጁ አፉን ከቦ፣ "እታለም፣ ጠላው ቀጥኖ ነበር። በአባቴ አጥንት ያሰርኩሽን ፈትቼሻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ" አለ። በዕድሜው ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ።

ነፋስ ቃሉን ይዞ በረረ። ሲያልፍም ደመናን፣ "እህቴ፣ በኔ ሞት" አላት። ደመና የልጅ ልጇን እሳትን ለመነች፤ እሳት ልጇን ምሳርን ለመነች፤ ምሳር አባቱን ሾላን ለመነ፤ ሾላ ወንድሙን ወንዝን ለመነ። ወንዝም በወንድሙ ተለምኖ እምቢ ማለት አቃተው። ቢያድግልኝ እየሮጠ ሲወርድ ውሃው ደረት ድረስ ጎድሎ ጠበቀው።

"ከዚህ በላይ አልችልም፤ ክረምት ነው" አለው ወንዙ። "ቀሪውን አንተ ድፈር።"

ገባ። ውሃው ደረቱን ሲመታው እናቱን ጠራ፣ ዱላው ከእጁ ሲሄድ አባቱን ጠራ፣ እግሩ መሬት ሲስት ግን የጠራው አዝመራን ነው። አንድ እጅ አንጓውን ይዞ ጎተተው። ቀና ሲል እህቱ፣ ጠጉሯ መሸበት የጀመረው አዝመራ፣ ከዳር ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች።

"እታለም፣ እንዴት እንዲህ ፈጥነሽ ደረስሽ?"

"እዚሁ ነበርኩ" አለች። "ዛሬ ሚካኤል አይደል? በየወሩ በሚካኤል ዕለት እዚች ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። የቤታችሁ ጭስ ይታየኛል። ያንተን ድምፅ ነበር የምጠብቀው።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ?"

"ሁለቴ ቀርቻለሁ። ሁለቴም ወልጄ ነው።"

ቢያድግልኝ አጎት መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የልጆቹን ስም ሊጠይቅ ፈልጎ አፈረ። እሷም ልጅ ሳለ እንደምታደርገው እጁን ይዛ፣ ፈሪውን ወንድሟን በወንዙ መልሳ አሻገረችው።

እናታቸው የአዝመራ እጅ እግሯን እንደነካት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "መጣሽ" አለች። አዝመራ ቀኙን እግር ቀስ አድርጋ አጠበች፣ ሳመች። ከዚያ ፈቀቅ አለችና፣ "ግራውን አንተ" አለችው።

ቢያድግልኝ ተንበረከከ። የእናቱ እግር እንዲህ ትንሽ መሆኑን አያውቅም ነበር። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ስንጥቅ ውስጡ ድረስ ቀልቷል። ሰባት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አላየውም።

"ያምሻል፣ እምዬ?" አላት።

"ድሮ ያመኝ ነበር" አለች እናቱ።