ደብሪቱ የመረጠችው ወፍጮ

ቴፒ አጠገብ ባለችው መንደራችን ጉራ የሚነዛ ሰው ሲነሳ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ልጆቹ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። የምን ጥንት! ስትወለድ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ያኔ እኛ ሴቶች ተሰባስበን ካካዎ እንፈጭ ነበር። ፍሬውን ቆልተን፣ ፈትገን፣ ገለባውን በሰፌድ እናበጥርና ከሥሩ ፍም የተደረገበት ድንጋይ ላይ በመጅ እናልመዋለን። ካካዎ ቅባታም ነው፤ ሲፈጭ ዱቄት አይሆንም፣ ቀልጦ እንደ ማር ይወርዳል። ወገብ ግን ይቆርጣል። አንድ የጅማ ቸኮሌት ሠሪ ቀምሶ ወደደልን። "በብዛት ፈጭታችሁ ካቆያችሁልኝ ደንበኛችሁ ነኝ፤ ካልሆነ ወደ ሌላ እሄዳለሁ" ብሎ ቀን ቆረጠ። እኛም የዓመቱን ካካዎ በሙሉ ቆልተን ፈትገን በጆንያ አስቀመጥን። ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

ሰብሳቢያችን ደብሪቱ ናት፤ ደግ፣ ሥራ ወዳድ፣ ግን እሷ ያለችው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትል። ያን ሁሉ በመጅ ስለማንደርስበት ወፍጮ ልንመርጥ አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት አሳየን። አንደኛው ዝቅ ያለ ነው፤ በጎድጓዳ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ሌላው ያ የምናውቀው የእህል ወፍጮ፣ አፉ ሰው ይውጣል።

"ትንሹ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ለቅባታም ነገር ግን እሱ ነው" አለ ሻጩ። "ትልቁን በካካዎ ሞክሬው አላውቅም፣ እህቴ።"

"በቆሎ የሰባበረ ካካዎ ያቅተዋል? የቱ ነው የሚጠነክረው?" አለች ደብሪቱ።

"ደብሪቱዬ፣ እፍኝ አምጥተን እንሞክረዋ" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ! ይኼን የሚያህል አፍ እያለው በእፍኝ ላጉርሰው? የገበያ ምርቃት ነው እንዴ?" አለችና ሻጩን ሳይቀር አሳቀችው። ትልቁን ጭነን ገባን።

በቀጠሮው ቀን መንደሩ ነቅሎ ወጣ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጫኔ አዲሱን ወፍጮ ሊመርቁ በምርኩዛቸው መጡ። ቸኮሌት ሠሪውም መኪናውን አቁሞ በር ላይ ቆመ። ደብሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና "ሁሉንም ጨምሩት! ለአንድ ጊዜ ነው!" አለች። ጆንያው ሁሉ ተገለበጠ፤ አፉም እውነት ለመናገር ቻለው። እልልታው ቀለጠ።

ዲናሞው ተነሳ። መጀመሪያ ደስ የሚል ሽታ ሸተተን። ማውረጃው ሥር ገበቴ ይዘን ጠበቅን፤ ጠብ የሚል የለም። ድምፁ ወፈረ፣ አቃሰተ።

"አጥፉት! ኧረ አጥፉት!" ብዬ ጮኽኩ።

"ተይው፣ እየለመደ ነው!" አለች።

በስመ አብ! የጎማ ቺንጋው ጮኸ፣ ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው፣ ከዚያ ውስጡ አንዳች ነገር ጓ! ብሎ ተሰነጠቀ። እየተረጋገጥን ወጣን።

ጭሱ ሲበርድ ፈቱት። ካካዎው በሁለቱ ድንጋዮች መሃል ቀልጦ እንደ ጭቃ ተለጥፏል፤ የተሰነጠቀው ድንጋይ ስብርባሪ ገብቶበታል። አፉ ላይ የቀረውን ያልተፈጨውን ቸኮሌት ሠሪው አንስቶ ቀመሰ። ወዲያው ተፋው። ቅባት ሽታ ይስባል፤ ሁሉም የተቃጠለ ጎማ ጎማ ይላል።

"የሚበላ አይደለም" አለ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ደብሪቱ መሬት ላይ ዘጭ አለች። "የሰው ሁሉ ልፋት! የሁላችሁንም ልፋት በላሁት እኮ!" እያለች ፊቷን ነጨች። ተናድጄባት ነበር፤ እንባዋን ሳይ ግን ሄጄ እጇን ያዝኩት።

አባ ጫኔ ለምርቃት የተዘጋጀ እጃቸውን አጥፈው ቀስ ብለው ወደ ወፍጮው ተጠጉ። ጎንበስ ብለው ያን ሰፊ አፍ ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተነሽ፣ ልጄ፤ በቅሎ ብትገዢ ጥርሷን ሳታዪ አትመጪም ነበር" አሏት፤ "አፉ የሰፋ ሁሉ አያላምጥም።"