አያ ጅቦና የድልድዩ ብርዝ

አንድ ጊዜ ነገሥታት ትተውት የሄዱትን አሮጌ የቤተ መንግሥት ግቢ አራዊት ወርሰውት ይኖሩ ነበር። ግንቦቹ እኩሌታቸው ፈርሰዋል። በንጉሡ መታጠቢያ ገንዳ ዙሪያ የዋርካ ሥር እየተጠማዘዘ ድንጋዩን አቅፎታል። ከግንቦቹ ባሻገር የጽድ ደን አለ፤ ከደኑ ማዶ በወንዙ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ቀጥሎ ደግሞ ወገብ የሚቆርጥ ዳገት። አራዊቱ ይህን ግቢ «ፓርካችን» ይሉታል። በየዓመቱም ጥር ሲወጣ እዚያው ውስጥ የማራቶን ሩጫ ያደርጋሉ።

ትልቅ ሩጫ አይደለም። ሯጩ ጥቂት ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ከሯጩም ያንሳል። ሽልማቱ ከወይራ ቅጠል የተጎነጎነ የአንገት ጉንጉን ሲሆን ለጨረሰ ሁሉ ይሰጣል። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፤ በዚያ ቀን ማንም ማንንም አይበላም። ዳኛው አያ አንበሶ ስለሆነ ሕጉን የሚደፍር አልተገኘም።

በዚያ ዓመት እመት አህዪት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሮጥ መጣች። መነሻው መስመር ላይ ደርሳ አጠገቧ የቆመውን ብታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አያ ጅቦ ነበር።

«እኔስ ወደ ቤቴ» አለች። «እናቴን የበላት የዚህ ዘመድ ነው። ከኋላዬ እየመጣ እንዴት ብዬ ነው የምሮጠው?»

አያ ጅቦ ይህን ሰማ። ሆዳምነቱንና ቂልነቱን አገር ያውቀዋል፤ እሱም ራሱ አይክደውም። ያን ጠዋት ግን አህዪት ስትንቀጠቀጥ አይቶ ሆዱ ባባ።

«እመት አህዪት፣ እኔ ከፊት ልሁንልሽ» አላት። «አንቺ ጀርባዬን እያየሽ ነይ። ጥርሴ ያለው በፊት በኩል ነው፤ ከኋላ ያለው ጭራዬ ብቻ ነው። ጭራ ደግሞ አይነክስም።»

አህዪት አሰብ አደረገችና ሳቀች። ከአህያ ዘር ጅብ በተናገረው ነገር የሳቀች እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስሙኝ! ወንዙ ደርቋል። እስከ መጨረሻው ድረስ ሌላ የሚጠጣ ነገር አታገኙም። ጃርት ማር በጥብጣ አንድ ጋን ብርዝ ድልድዩ አጠገብ አስቀምጣለች። ድርሻችሁ በነፍስ ወከፍ አንድ ቅል ነው። ጠባቂ አላቆምኩበትም፤ እርስ በርሳችን ጠባቂ ማቆም ነውር ነው። በሉ፣ ሩጡ!»

ሚዳቋ ተፈትልካ ጠፋች። እመት ቀበሮ ተከተለቻት። አያ ጅቦና አህዪት ኋላ ቀሩ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

መጀመሪያ ላይ አህዪት ዓይኗን ከጭራው ላይ አልነቀለችም። ገንዳው ዘንድ ሲደርሱ ግን የጠዋት ፀሐይ በዋርካው ቅጠል መሐል እየሾለከች በፈረሰው ግንብ ላይ ስትጫወት አየችና ፍርሃቷን ረሳችው።

«እንዴት ያምራል!» አለች።

«እኔም ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ጅቦ እየተነፈሰ። «እኔ በዚህ የማልፈው ሲጨልም ነው። አጥንት እንጂ ግንብ ፈልጌ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ ሸክም ሳልይዝ ሳልፍበት ገና ዛሬ ነው» አለች አህዪት። «የተጫነ ሰው መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።»

እንዲህ እያወጉ ደኑን አቋረጡ። ወደ መሐል ላይ አህዪት ከኋላው መሆኗን ትታ ጎን ለጎን ትሮጥ ጀመር። ጅቦ ይህን ልብ ሲለው ደረቱ ተነፋ። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ሲያየው ይሸሻል፤ ጎኑን አምኖ የሰጠው ማንም አልነበረም።

ድልድዩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አህዪት አነከሰች።

«ሰኮናዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» አለች። «አንተ ቅደም። አውጥቼው እደርስብሃለሁ።»

«ቅልሽን ሞልቼ እጠብቅሻለሁ» አላት፤ ከልቡም ነበር ያለው።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ የማር ሽታ ተቀበለው። ጃርት እጇ ሰፊ ነውና ጋኑ ገና ከግማሽ በላይ ነበር። ጅቦ እንደ ቃሉ መጀመሪያ ለአህዪት አንድ ቅል ሞላና በድልድዩ ግድግዳ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የራሱን ድርሻ ቀድቶ ጠጣ።

ጣፈጠው። «ቅሉ ትንሽ ነው» አለና ደገመ። «ሰውነቴ ከሌላው ይበልጣል፤ አያ አንበሶ ይህን አላሰበበትም» አለና ሠለሰ። ከዚያ በኋላ ቅሉን ወዲያ ጣለና ራሱን ጋኑ ውስጥ ከተተ። ቀና ሲል የጋኑ ቂጥ ይታይ ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለውን ቅል አየው። ወደ ደኑ ዞረ፤ አህዪት ገና አልወጣችም።

«አንድ ጉንጭ ብትጎድል ምን ትላለች?» አለና አንድ ጉንጭ ቀመሰ። ቅሉን መልሶ አስቀመጠው፤ ትንሽ ቆይቶ አነሳው። «እንግዲህ ጎድሏል፤ የጎደለ ቅል መስጠት ደግሞ ስድብ ነው» አለና ጨለጠው።

ልክ ያን ጊዜ ከደኑ ውስጥ የአህዪት ሰኮና ተሰማ። ጅቦ ባዶውን ቅል፣ ባዶውን ጋን አየ። ምን ይበላት? ቆሞ ዓይኗን ማየት አቃተው፤ ተፈትልኮ ሮጠ። ሆዱ እንደ ሞላ አቁማዳ እየተንቦጫቦጨ ያን ዳገት እንዴት እንደ ወጣው አያውቅም። ሮጦ የማያውቀውን ሩጫ ሮጠ፤ ማንም ግን አላሳደደውም።

መጨረሻው ላይ ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው። «አያ ጅቦ ጎበዝ! ለካ ትችልበታለህ!» አሉት። አያ አንበሶ በእጁ የወይራውን ጉንጉን አጠለቀለት። ጅቦ ፈገግ ሊል ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ብዙም ሳይቆይ ጃርት እሾኋ ቆሞ እየጮኸች መጣች። «ድረሱልኝ! ጋኑን ልመልስ ብሄድ አህዪት ዳገቱ ላይ ወድቃ አገኘኋት! ምላሷ ደርቋል! ጋኑም ባዶ ነው!»

ሚዳቋ መጨረሻው አጠገብ ካለው ምንጭ ውሃ ቀድታ በረረች። አያ አንበሶ ተከተላት። ጅቦ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አህዪት አንበሳውን ተደግፋ፣ እያዘገመች፣ በራሷ እግር መስመሩን አለፈች። ሁሉም «እሰይ!» አሉ። አያ አንበሶ ጉንጉኗን አጠለቀላትና ወደ ሯጮቹ ዞረ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አንዲት ነፍስ ልትጠፋ ነበር» አለ። «ብርዙን የጨረሰው ማነው?»

ዓይን ሁሉ አያ ጅቦ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምን ይጠየቃል?» አለች ሚዳቋ። «ከአህዪት ፊት የነበረው ጅቦ ነው። ጅብን ከጋን ጋር ብቻውን ትቶ ሌላ ማን ይጠረጠራል?»

ጅቦ አፉን ከፈተ። ቃል ሳይወጣው አህዪት ቀደመችው።

«ተዉ!» አለች በደከመ ድምፅ። «እሱን አትንኩት። እናንተ የምታውቁት የሌሊቱን ጅብ ነው። እኔ ዛሬ ከጎኑ ሮጫለሁ። እንዳልፈራ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቅልሽን ሞልቼ እጠብቅሻለሁ ብሎኝም ነበር። አንዲት ጉንጭ ቢያገኝ ኖሮ ለእኔ ያስቀምጥ ነበር። እኔ እመሰክርለታለሁ፤ ጋኑን ባዶ አግኝቶ፣ ሊነግረኝ አፍሮ ነው የሄደው።»

ጅቦን ላብ አጠመቀው። ሚዳቋ የሰደበችው አልተሰማውም ነበር፤ ስድብ ለምዷል። የአህዪት ቃል ግን እንደ ፍም አንጀቱ ውስጥ ገባ።

«አያ ጅቦ፣» አለ አንበሳው፣ «ጋኑን ባዶ ነው ያገኘኸው?»

ጅቦ መሬት መሬቱን እያየ «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ።  

«እንዲያ ከሆነ ከእሱ ፊት የነበረችው ቀበሮ ናት!» አለች ሚዳቋ። «ዳገቱን ስወጣ ዞር ብዬ አይቻታለሁ። ድልድዩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቆይታለችም።»

«አዎ፣ ቆሜያለሁ» አለች እመት ቀበሮ። «ድርሻዬን አንድ ቅል ጠጣሁ። ከዚያ ግንቡን ሳይ ቆየሁ። ከድልድዩ ላይ ሲያዩት ግንቡ ያልፈረሰ ይመስላል፤ እሱን እያየሁ ነበር።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ቀበሮ ግንብ ስታይ!» «ዶሮ አለበት ብላ ነው!» እየተባባሉ ተሳሳቁ። ቀበሮ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ አያ ጅቦን አየችው። እሱ ዓይኑን ሰበረ።

«ስንት ጊዜ አታለልሽን» አለ አያ አንበሶ። «ይህኛው ግን ከማታለል አለፈ። ጉንጉኑን አውልቂ። ከእንግዲህ በዚህ ፓርክ አትሮጪም።»

ቀበሮ ጉንጉኑን አውልቃ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። አልጮኸችም፤ አልተከራከረችም። ጅራቷን ዝቅ አድርጋ በአሮጌው የግቢ በር ወጣች።

አራዊቱ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። አህዪት ጅቦ አጠገብ መጥታ ተኛች። «ደከመኝ» አለችው። «አንተ አጠገቤ ካለህ ትንሽ ልንቀላፋ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጅቦ የተጨፈነውን ዓይኗን አየ። ሆዱ ውስጥ ብርዙ ተንቦጫቦጨ። የሚሰማበት መስሎት ትንፋሹን ያዘ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጠገበ ሆድ ደስታው ነበር፤ አሁን ግን ቀዶ ቢያወጣው ወደደ።

ቀስ ብሎ ተነሣና በሩን ወጥቶ ሮጠ። ቀበሮን መንገዱ ዳር ደረሰባት።

«እመት ቀበሮ… እኔ ነኝ የጠጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለች ሳትቆም። «ስትገባ ሆድህ ሲንቦጫቦጭ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ሊያምነኝ? ውሸት ተናግሬ ስንት ጊዜ አምነውኛል፤ ዛሬ እውነቱን ብናገር ሳቁ። ያ የራሴ ዕዳ ነው። አንተ ግን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔን ያባረሩኝ እዚያ ናቸው።»

«እፈራለሁ።»

«አንበሳውን?»

ጅቦ «አይደለም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። «አህዪትን» አለ።

ቀበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ አየችው። መንገዷን ቀጠለች።

አያ ጅቦ ተመለሰ። መሐል ገብቶ ቆመና ጉንጉኑን ከአንገቱ አወለቀ። 

«ጋኑ ባዶ አልነበረም» አለ። «ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለአህዪት የቀዳሁትንም መልሼ ጠጣሁት። ቀበሮ ምንም አላደረገችም።»

ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ የአንበሳውን መዳፍ ጠበቀ። ቢመታው እፎይ ይል ነበር፤ የሚመታው ግን ጠፋ። አያ አንበሶ ራሱ በችኮላ መፍረዱ አሳፍሮት ጎፈሩን ወደ ጎን አዙሯል። ሚዳቋም መሬት ትጭር ጀመር። ቀበሮን እንድትመልስ ጃርት ተላከች፤ ብቻዋን ተመለሰች። «አልመጣም ብላለች። ግንቡን ከሩቅም ማየት እችላለሁ በሏቸው አለችኝ» ብላ ነገረቻቸው።

አህዪት ከእንቅልፏ ነቅታ ሁሉን ሰምታለች። ጅቦ ወደ እሷ ቀረበ።

«እመት አህዪት፣ ይቅር በይኝ። ጠማኝ፣ ከዚያ ደግሞ ጣፈጠኝ…»

«ስለ ብርዙ አይደለም፣ አያ ጅቦ» አለች። «ጅብ ነህ፤ ጋን አየህ፤ ጠጣህ። ያን እንኳ ይቅር እልሃለሁ። ግን በሰው ፊት ቆሜ ስመሰክርልህ ሰምተህ ዝም አልክ። አጠገብህም አስተኛኸኝ።»

ጅቦ አንድ እርምጃ ቢጠጋት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ሆን ብላ ያደረገችው አልነበረም፤ እግሯ ነው በራሱ የሸሸው። ሁለቱም አዩት። 

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ። አህዪት በጽዱ ደን በኩል ስትሄድ በየጥቂት እርምጃው ዞር እያለች ኋላዋን ታይ ነበር። አያ ጅቦ እሷን ላለማስፈራራት ብሎ በሌላ መንገድ፣ በረጅሙ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያጎደልነውን ጋን በማግስቱ መሙላት ቢቻልም፣ ያመነን ሲመሰክርልን ዝም ብለን ያጎደልነውን እምነት ግን «አጥፍቻለሁ» በማለት ብቻ መሙላት እንደማይቻል ነው።