መልእክትዎ ደርሶናል

አንዲት ሴት በአንድ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ቤዛዊት ትባላለች። ሥራዋ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተርና ኢሜይል መጠበቅ ነው። ኩባንያው የክትባት ማቀዝቀዣ ያስመጣል፤ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት እንዳይበላሽ የሚቀመጥበትን ፍሪጅ ማለት ነው። ይሸጣል፤ ሲበላሽም ይጠግናል። ልብ በሉልኝ፣ "ሲበላሽም ይጠግናል" ብያለሁ። ይህን ቃል የጨመርኩት እኔ አይደለሁም፤ ኩባንያው ራሱ የገባው ቃል ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ ጠሯትና፣ "ቤዛዊት፣ ኢሜይላችንን ወደ ሌላ ድርጅት ልናዞር ነው" አሏት። "ካሁኑ የተሻለ ክላውድ አግኝተናል። አዲሱ ሕንፃችን ሲመረቅ ኢሜይሉም አብሮ አዲስ መሆን አለበት።"

ይህ ክላውድ የሚሉት ምንድን ነው ለምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ነገሩ ቀላል ነው። የኩባንያው መልእክት ሁሉ የሚቀመጠው በራሱ ግቢ አይደለም፤ ሌላ አገር ባለ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ በኪራይ ነው። አከራዩ ካልተመቸህ ዕቃህን ጠቅልለህ ወደ ሌላ አከራይ ትገባለህ። ይኸው ነው፤ ቤት መቀየር ነው። ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ ያውቀዋል። ሰው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚንቅ የሚታየው ዕቃ ሲጫን ነው። የሚወደውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። የናቀውን ደጅ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

አቶ ደምመላሽ የሚወዱትን ነገሯት። "ከእኔ ሣጥን አንዲት መልእክት እንዳትጎድል። የሽልማታችን ፎቶ አለ። የውጭ አገር ግብዣዎቼ አሉ። ለልጄ ሠርግ የተላከልኝ የደስታ መልእክት አለ። እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ።"

ቤዛዊት እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። የአለቆቹን አዞረች፤ የሒሳብ ክፍሉን አዞረች፤ የሽያጭ ክፍሉን አዞረች። የዛሬ ስንት ዓመት የተበላ የምሳ ግብዣ ጥሪ ሳይቀር አዲሱ ቤት ገባ። በመጨረሻ ባለቤት የሌለው አንድ አድራሻ ቀረ። "ጥገና" ይላል። በእያንዳንዱ ፍሪጅ ጎን ላይ ተለጥፎ ወደ ገጠር የሚወርደው አድራሻ ነው። መልእክት እየተቀበለ ይመልስ የነበረው ሠራተኛ ከለቀቀ ዓመት አልፎታል። አጠገቡ የተለጠፈው ስልክም የእሱ ስለነበር አብሮት ሄዷል። በቦታው ማንም አልተተካም።

"ይህንስ ለማን ልስጠው?" ብላ ልትጠይቅ ከመሄዷ በፊት እስኪ ልየው አለችና ከፈተችው።

ከፍታ ደነገጠች። ያልተነበበ መልእክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ከቆላ፣ ከደጋ፣ ከጠረፍ። "ፍሪጃችን ቆሟል።" "ክትባቱ ተበላሸ።" "እባካችሁ ሰው ላኩልን።" ከሁሉም ሲስተር ዱሬቲ የምትባል አንዲት ነርስ ደጋግማ የጻፈችው ልቧን ያዘው። መጀመሪያ፣ "ፍሪጁ መሥራት አቁሟል፤ ባለሙያ ይላክልን" ትላለች። ቀጥላ፣ "ደግሜ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ" ትላለች። ደግሞ ትቆይና፣ "ሥራ እንደሚበዛባችሁ ይገባኛል፤ ካልከበዳችሁ ብቻ" ትላለች። ቀኑ በገፋ ቁጥር መቆጣት ሲገባት ይበልጥ ትለማመጣለች።

ወገኖቼ፣ የተናቀ ሰው እንዲህ ነው! የበደለው ይተኛል፤ የተበደለው ይቅርታ ይጠይቃል!

የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር መልስ አለ። ሰው ያልጻፈው መልስ። መልእክት በገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ የሚተፋው። እንዲህ ይላል፦ "መልእክትዎ ደርሶናል። ጉዳይዎን በትኩረት እየተመለከትነው ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

ማን ነው የተመለከተው? ማን ነው በትኩረት ያየው? ማንም! ክፍሉ ባዶ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነበር። ምስጋናው ግን አልተቋረጠም።

ቤዛዊት ከመልእክቱ ግርጌ የነርሷን ስልክ አገኘችና ደወለች።

"ሲስተር ዱሬቲ ነዎት? ከፍሪጁ ኩባንያ ነው የምደውለው።"

"ደርሷችሁ ነበር እንዴ?" አለች ነርሷ። "እኔኮ አድራሻውን እየተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር እንኳ ፊደሉን ይዩልኝ ብያቸዋለሁ።"

"አልተሳሳቱም፣ እኅቴ። ትክክል ነው የጻፉት።"

"እሰይ፣ እንኳን! ለነገሩ መልስማ ትሰጡኝ ነበር። 'እየተመለከትነው ነው' ስትሉኝ ለእናቶቹ 'በዚህ ሳምንት ይመጣሉ' እላቸዋለሁ። አምነውኝ ይመለሳሉ። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣሉ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አያንቱ የምትባል እናት አለች። ልጇን አዝላ ከተራራው ማዶ ነበር የምትመጣው። 'ዛሬም ክትባት የለም፣ በሚቀጥለው ነይ' እያልኩ መለስኳት። ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ልጅቷ በሕይወት አለች። ዓይኖቿ ግን ጠፉ።"



"እናትየው አሁንም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች" አለች ሲስተር ዱሬቲ። "ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።"

ቤዛዊት ስልኩን ዘግታ በቀጥታ አቶ ደምመላሽ ቢሮ ገባች። ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ሰሙ፤ አይደለም አልልም፣ ሰምተዋል። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ያሳዝናል" አሉ። ከዚያ፣ "ለማንኛውም ያን ሣጥን ተዪው" አሉ። "ማንም ያላነበበውን ምን ብለን እናግዛለን? አዲስ ቤት ጓዝ ይዞ መግባት ጥሩ አይደለም። በአዲሱ ላይ ንጹሕ አድራሻ ክፈቺ።"

"የሚያነብ ሰው ይመደባል?"

"እሱን ቀስ እያልን እናየዋለን። ለጊዜው ያቺን አውቶማቲክ መልስ ብቻ አዙሪያት። ጥሩ ናት፤ ጨዋ ናት። ሰው ጽፎልን ዝም ማለት ነውር ነው።"

ሰማችሁ? ደግሜ ልበለው? ጥያቄው ደጅ ይጣል፤ መልሱ ይጓዝ! ልቅሶው ይቅር፤ "አይዟችሁ" የሚለው ግን አዲስ ቤት ይግባ! የሠርግ መልእክት ባሕር ተሻግሮ ሲጋዝ፣ የነርሷ ልመና ቦታ የለውም! ለመሆኑ ነውር ማለት ምን ማለት ነው? ዝም ማለት ነውር ሆኖ መዋሸት መቼ ነው ጨዋነት የሆነው?

ቤዛዊትም፣ "ያን መልስ አላዞርም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ውሸት ነው፣ አቶ ደምመላሽ። እየተመለከትነው አይደለም።"

"አይ አንቺ! የማሽን መልስ እኮ ነው። ማሽን ውሸታም ይባላል እንዴ?"

"ማሽኑማ ምን ያውቃል? በእሱ አፍ የምንዋሸው እኛ ነን። ነርሷ እኛን አምና ለእናቶች ቃል ገባች። እኛ በዋሸን የሷ ቃል ነው የታጠፈው። ልጅ ዓይኗ ጠፋ!"

አቶ ደምመላሽ ብድግ አሉ። "አንቺ የተቀጠርሽው ለኮምፒውተር ነው፤ ወንጌል ልትሰብኪን አይደለም። ካልሠራሽው የሚሠራ አላጣም።"

አሁን እናንተ ይህን ሰው በልባችሁ እየረገማችሁት ነው፤ ይታየኛል። ቆዩ። አቶ ደምመላሽ ሌባ አልነበሩም። ጉቦ አይበሉም። ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃሉ። ስብሰባ በጸሎት ነው የሚከፍቱት። የምሕረት ቃል በአፋቸው ሞልቷል። እኔን የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው! ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩን አልነግራችሁም ነበር፤ ከእናንተ ምን አገናኘው? እኚህ ሰው ግን እንደ እናንተ ናቸው። እንደ እኔ ናቸው።

ወደ ቤዛዊት ልመለስ። ከቢሮው ስትወጣ እግሯ ወደ ጠረጴዛዋ አልወሰዳትም። በደረጃው ወርዳ ጓሮ ወዳለው የጥገና ክፍል ሄደች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ሠርታ እዚያ ገብታ አታውቅም። የጥገና ሠራተኞቹ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታሉ። ኃላፊያቸው ጋሽ ኅሩይ ቀና ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ ኮምፒውተር ተበላሸ?" አሏት።

"ጋሼ፣ ሥራ የላችሁም እንዴ?"

"የጠራን የለማ! ፍሪጆቹ ደህና ናቸው መሰለኝ፤ ብልሽት ከሰማን ቆየን። መለዋወጫው እንኳ መጋዘን ሞልቶ አቧራ ለብሷል።"

ቤዛዊት ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን ከፍታ መልእክቶቹን አነበበችላቸው። አንዱን ካነበበች በኋላ ዳማው ቆመ። ሌላውን ስታነብ ጋሽ ኅሩይ፣ "በቃ፣ በቃሽ!" አሉ። "እኛ እዚህ ቁጭ ብለን? ሰው ስንጠብቅ?" ጋሽ ኅሩይ ጠግኑ ተብለው የተቀጠሩ ናቸውና ለመጠገን የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። የጥገናውን መኪና አስነሥተው በማግሥቱ ጉዞ ጀመሩ።

ጋሽ ኅሩይ ጤና ጣቢያው ደርሰው ፍሪጁን ሲፈቱ፣ ሲስተር ዱሬቲ እንግዳዋን ለመቀበል ወጥ እየሠራች ነበር። ወጡ ሳይደርስ ፍሪጁ ሠራ። የተቃጠለችው በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ነበረች።

አያችሁ? ባለሙያ ነበረ። መኪና ነበረ። መለዋወጫ ነበረ። ጠያቂዋ ጠይቃ ነበር። በመካከል የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሰማ ጆሮ! በጆሮው ቦታ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ጥሩ ቃል ነው። ዝም ብለናት ቢሆን ኖሮ ሲስተር ዱሬቲ ሌላ በር ታንኳኳ ነበር። ወረዳ ትሄድ ነበር፤ ትጮኽ ነበር። አስሮ ያስቀመጣት "እየተመለከትነው ነው" የሚለው ነው።

የቤዛዊት ነገር እንዴት ሆነ ብትሉ፣ "ጥገና" የሚለውን አድራሻ ከነመልእክቱ አዛውራ ለጥገና ክፍሉ አስረከበችው፤ የማሽኑንም መልስ ዘጋችው። ለዚህም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ የኢሜይሉም ሥራ ተነጥቆ ለሌላ ተሰጠ። በሕንፃው ምርቃት ላይ ስሟ አልተጠራም። ተተኪዋ የማሽኑን መልስ እንደገና ሊከፍት ሲመጣ ግን ጋሽ ኅሩይ፣ "አያስፈልግም። ለጻፈልን ሁሉ እየደወልን ነው" ብለው መለሱት።

ቤዛዊት ከወራት በኋላ ለሲስተር ዱሬቲ ደወለች። "አያንቱ ትናንት መጥታ ነበር" አለቻት ነርሷ። "አዲስ የወለደችውን ልታስከትብ። ትልቋንም በእጇ እየመራች። እንዴት እኛን አምና እንደመጣች አላውቅም።" ሁለቱም በስልክ ተላቀሱ። ክትባቱ ለታናሹ ደረሰ። ለታላቂቱ ግን አልደረሰም፤ አይደርስምም። ይህን የሚያስተካክል ምንም የለም፤ አለ ብዬም አልዋሻችሁም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

"እንጸልይልሃለን" ያላችሁት ሰው የት አለ? ልጇ ታሞባት በር ላይ የያዘቻችሁ ሴት፣ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብላችኋት የሄዳችሁ፣ እሷ የት አለች? ጸለያችሁላት? ስሟንስ ታውቁታላችሁ? ባሏ የሚደበድባትን "ቻይው፣ እያየነው ነው" ያላችኋት ሽማግሌዎች፣ ምኑን አያችሁት? ሥራ ለምኖን፣ "እናስብበታለን" ያልነው ወጣትስ? ማን አሰበበት? መቼ? የት ተቀምጦ?

አፋችን ራሱን ችሎ ይመልሳል እኮ! ልባችን ሳይሰማ፣ ጆሯችን ሳይከፈት፣ አፋችን "ጌታ ይርዳህ" ብሎ ይጨርሳል። ሰውየውም እኛን አምኖ ይቀመጣል። ሌላ በር አያንኳኳም። አንችልም ብንለው ይሻለው ነበር! እውነቱን ብንነግረው ሌላ ሰው ፍለጋ በሄደ! እግዚአብሔር የድሃውን ጩኸት ሰምቶ እኛን ሲጠይቀን፣ "መልስ ሰጥቼዋለሁ" ልንለው ነው? ይህንን መልስ ይዘን ነው ፊቱ የምንቆመው?

አሜን አትበሉኝ። ዛሬ አሜን አልፈልግም። አሜን የምትለዋ አፋችሁ ናት፤ እሷን ደግሞ አውቃታለሁ።

ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ እዚሁ፣ በጉባኤው መካከል። መልስ ሳትሰጡት የቆያችሁት ሰው አለ፤ ታውቁታላችሁ፤ አሁን በዓይነ ልቡናችሁ መጥቷል። ውጡና ደውሉለት። መርዳት ከቻላችሁ መቼ እንደምትመጡ ንገሩት። ካልቻላችሁ፣ "አልችልም፣ ይቅር በለኝ" በሉት።

የመዝጊያውን ጸሎት ደውላችሁ ስትመለሱ እናደርሳለን። እኔም የምደውልለት ሰው አለኝ።