ቀለም የለቀቀው የጁምዓ ኮፍያ

አላህ ሰምተው ከሚጠቀሙት ያድርገን። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አረንጓዴ ኮፍያ ነው፤ ብትስቁም አልቀየማችሁም።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከታላቁ መስጂድ ጀርባ ባለው የጨርቅ ተራ፣ ሐጂ ጧሂር የሚባሉ ኮፍያ ነጋዴ ነበሩ። አርባ ዓመት ሲሸጡ፣ «ሐጂ አታለሉኝ» ብሎ ሱቃቸው በር ላይ የቆመ ሰው የለም። ቁጣ አያውቁም። ሲስቁ ግን ድምፅ ሳያወጡ ነው፤ ሆዳቸው ብቻ ከነሙስበሓ መቁጠሪያቸው ይንቀጠቀጣል።

ወጣቱ ጁነይድ መካሪ አድርጎ የያዘው እኚህን ሰው ነበር። ጁነይድ በመስጂዱ በር ሶደቃ ይጠብቁ የነበሩ አሥራ አንድ ባል የሞተባቸው እናቶችን ሰብስቦ፣ ጨርቅ እየነከሩ ኮፍያ የሚሰፉበት ቤት ከፍቶላቸዋል። ማሻ አላህ የሚያሰኝ ሥራ ነው! ሐሙስ ሐሙስ ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ሐጂ ሱቅ ይመጣና፣ ጨርቅ ከየት ይሻላል፣ ደንበኛ እንዴት ይያዛል እያለ ይጠይቃል። ሐጂም ሳይሰስቱ ይነግሩታል።

በዚያ ሰሞን ጁነይድን መሬት አልበቃ አለችው። ሳሊም የሚባል የወደብ ነጋዴ፣ «ለዒድ የሚሆን ሦስት መቶ አረንጓዴ ኮፍያ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ» ብሎታል። ይህ ከተሳካ ሳሊም በየዒዱ ይመለሳል፤ እናቶቹም ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጡም። ካልተሳካ ግን ቤቱ ይዘጋል፤ እነሱም ወደ መስጂዱ በር ይመለሳሉ።

አርብ ጠዋት ጁነይድ አንዱን ኮፍያ ይዞ ሐጂ ዘንድ ከች አለ።

«ሐጂ፣ ከሁሉ በፊት ለእርስዎ።»

«ባረከላህ ፊክ ልጄ! ጁምዓን በዚህ ነው የምሰግደው።»

ሐጂ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አደረጉ፤ ራሳቸውን በእርጥብ እጃቸው አበሱ፤ ኮፍያውን ደፍተው በፊተኛው ሶፍ፣ በሰጋጆቹ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ኹጥባው ተጀመረ። ኢማሙ ሲናገሩ ደግሞ ትንፍሽ ማለት እንደማይቻል ታውቃላችሁ። በዚህ መሐል ነው እንግዲህ ከኮፍያው ሥር አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቅ ያለችው። ወረደች። ሌላዋ ተከተለቻት። በግራ በቀኝ ያሉት ሰዎች አዩ፤ ግን ማን ይናገር? ከንፈራቸውን ነክሰው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከኋላ የተቀመጠው ጁነይድ ሐጂ ዞር ሲሉ መስመሮቹን አየ። ያን ቀን ኢማሙ ምን እንዳሉ ቢጠየቅ አንዲት ቃል አያውቅም።

ተሰግዶ ሲያበቃ አዛን የሚያሰማው ሙአዚን መቻል አቃተው።

«ሐጂ፣ ግንባርዎ ላይ ሣር በቅሏል!»

ሐጂ ሄደው የውዱእ ገንዳው ውስጥ መልካቸውን አዩና ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ። «ማነው የሰፋው?» ሲሏቸው፣ «ስጦታ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የለበስኩት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የጁነይድን ስም አላነሱም።

ጁነይድ ሱቃቸው ድረስ ተከትሏቸው ገባ።

«ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። ነገስ ምን ታደርጋለህ?»

«ደረቅ ሲሆን እኮ አያስታውቅም» አለ ጁነይድ አንገቱን ደፍቶ። «ወደቡ የአሥራ አምስት ቀን መንገድ ነው። ለራሴ ብዬ አይደለም ሐጂ፤ ለሚስኪኖቹ ነው። ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ አላህ ያውቃል።»

«ኒያህን አላህ ያውቃል፤ ኮፍያውን የሚለብሰው ግን ሰው ነው። ለመሆኑ አንተ ለብሰኸው ታውቃለህ?»

የጁነይድ እጅ ወደ ራሱ ሄደ። የደፋው የአባቱን ነጭ ኮፍያ ነበር።

«ጨርቁን ማን ነከረው?»

«እማ ዘምዘም።»

«ምን አሉህ?»

እማ ዘምዘም ከእናቶቹ ታላቋ ናቸው። «ልጄ፣ ቀለሙ በጨው ውሃ ካልፈላ አይጸናም፤ አምስት ቀን ስጠኝ» ብለውት ነበር። እሱም «እርስዎ ብቻ ይስፉ፣ ለገበያው እኔ አለሁ» ብሏቸዋል። ይህን ሲናገር ፊቱ በእፍረት ቀላ።

«እኔ ዘንድ ሐሙስ ሳይጎድል ትመጣለህ» አሉ ሐጂ። «እሳቸውን ስንት ጊዜ ጠየቅህ? በል፣ ነገ እገኛለሁ። ግን አንዲት ቃል አልናገርልህም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሳሊም በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። እናቶቹ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ሐጂም ግንባራቸውን በሳሙና ቢፈትጉት አልለቅ ብሏቸው አረንጓዴ እንደሆነ መጥተው ጥግ ላይ ሙስበሓቸውን ይቆጥራሉ። ሳሊም አንዱን ኮፍያ አገላብጦ፣ «ማሻ አላህ! ጫኑልኝ» አለ።

ጁነይድ እናቶቹን አየ፤ ሐጂን አየ። ከዚያ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን አነሳና፣ «መዳፍህን ዘርጋ» አለው። ውሃ አፈሰሰለት። «አሁን ኮፍያውን እሸው።»

የሳሊም መዳፍ አረንጓዴ ሆነ። ፊቱም ጠቆረ።

«ይህን ነው ልትሸጥልኝ የነበረው?»

«ትናንት፣ አዎ። ዛሬ አልሸጥልህም።»

ሳሊም መዳፉን ትክ ብሎ አየ፤ ቀና ሲል የሐጂን ግንባር አየ፤ መዳፉን ደግሞ አየ። ነገሩ ገባውና ሳቁ አመለጠው። የሐጂ ሆድም ተንቀጠቀጠ።

«ይስተካከላል?» አለ ሳሊም ዓይኑን እየጠረገ።

«እኔ አላውቅም። የሚያውቁት እማ ዘምዘም ናቸው።»

እማ ዘምዘም ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ። «ይስተካከላል። ቀድሞም ብያለሁ! አምስት ቀን።»

«በቅሎዎቼም ደክመዋል፤ እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ» አለ ሳሊም።

ሐሙስ ሳሊም ለአስር ሶላት ውዱእ አደረገ፤ አዲሱን ኮፍያ ደፍቶ ሰገደ። ግንባሩን ሁሉም ተሻምተው አዩለት፤ ጠብታ የለም። ሦስት መቶውንም ጫነና፣ «የሚመጣውን ዒድ ከእማ ዘምዘም ጋር ነው የምነጋገረው» ብሎ ጁነይድን አሳቀው።

ጁነይድም እየሳቀ ወደ ሐጂ ዞረ። «የዛሬው ሐሙስ ምክርስ?»

ሐጂ የአባቱን ነጭ ኮፍያ ከራሱ አንስተው አረንጓዴውን ደፉለት። «ልጄ፣ ለሰው ከመሸጥህ በፊት ራስህ ስገድበት።»

እኔን ይህ ቃል ይነካኛል። በጎ ነገር ስንጀምር ኒያችን ብቻውን ሥራውን የጨረሰልን ይመስለናል። ለሚስኪን የሚሠራ ሰው ከማንም በላይ ሥራውን መፈተን አለበት፤ ሲበላሽ ወደ መስጂዱ በር የሚመለሱት እነሱ ናቸዋ! ደግሞም የምንረዳቸው ሰዎች ከእኛ የሚያውቁት ስንት ነገር አለ፤ አንጠይቅም እንጂ። ጁነይድ በተከታዩ ሐሙስ ሐጂ ሱቅ አልመጣም አሉ፤ እማ ዘምዘም ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ጨው ይማር ነበር።

አላህ ግንባራችንን ከሱጁድ፣ ከስግደት ሌላ ምልክት አያሳየው። አሚን።