የተሞረደው ሳንቲም

አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ። ሀብታም ነው፤ ግን ልቡን የያዘው ሀብቱ አልነበረም። ልቡን የያዘው የጥንት ሳንቲም መሰብሰብ ነበር።

ትርሲት ልጄ፣ አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። እጮኛሽ ከልቡ ይውደድሽ አይውደድሽ ለማወቅ አዲስ ሲም ካርድ አውጥተሽ፣ ሌላ ሴት መስለሽ ልትጽፊለት አስበሻል። «እትዬ፣ ልፈትነው ወይስ ልተወው?» ብለሽኛል። የክርስትና እናትሽ ነኝና መልስ አልነፍግሽም። ግን ቀጥታ ብነግርሽ አትሰሚኝም፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ነጋዴዬን ስሚልኝ።

ሰውየው የሚኖረው በጥንት ነገሥታት አገር ነው። እዚያ ክረምቱ ሲወጣ ዝናቡ አፈሩን ያጥበውና ገበሬ ከእርሻው ላይ ሳንቲም ያነሣል። አብዛኛው የመዳብ ነው፤ አልፎ አልፎ የብር ይገኛል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ የወርቅ ያገኛል። በላዩ የንጉሥ መልክ አለበት፤ በንጉሡ ግራና ቀኝ የእህል ዛላ ጎንበስ ብሎ ይታያል። ነጋዴው ዛላውን ባየ ቁጥር «ንጉሡም የእኔው ሙያ ነበራቸው» እያለ ይስቅ ነበር።

ይህ ነጋዴ አንድ ገበሬ አበልጅ ነበረው። የገበሬውን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። አበልጅነት በእነሱ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ከወንድም በላይ ይዋደዳሉ፤ እንዲህ ተዋድደውም አንቱ ይባባላሉ። ገበሬው በእርሻው ያገኘውን ሳንቲም ሁሉ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለአበልጁ ያመጣል፤ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። ቋጠሮውን ሲፈታ ነጋዴው እንደ ሕፃን አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ገበሬውም የዚያን ትልቅ ሰው አንገት እንዲህ ማየት ስለሚወድ ሆን ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚፈታው።

አንድ ቀን ከሩቅ የመጣ አፈ ጣፋጭ ሻጭ ለነጋዴው የወርቅ ሳንቲም አሳየው። ገዛው። ድግስ ደግሶም ለእንግዶቹ አሳየ። ከእንግዶቹ መሀል ስለ ጥንት ገንዘብ ብዙ ያጠኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሳንቲሙን አገላብጠው አዩና ሊያሳፍሩት ስላልፈለጉ ዝም አሉ። እሱ ግን ይንገሩኝ እንጂ ብሎ በሰው ፊት ያዛቸው። ነገሩት። የጥንቱ በመዶሻ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ ገጹን መርፌ የወጋው ይመስላል፤ ጠርዙንም ዙሪያውን ቀጭን መስመር ይዞታል። ሐሰተኛ ሠሪ የሚደክመው ለፊቱ ነው፤ ጠርዙን ማንም አያየውም ብሎ ይተወዋል አሉት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የነጋዴው ፊት ደም መሰለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። የሐሰተኛን ምልክት ሁሉ ተማረ፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ አልዋሽበትም። ጠርዝ ይዳስሳል። በሚዛን ይመዝናል። አረንጓዴው ዝገት ከሥሩ የበቀለ ይሁን ከላይ የተቀባ ለመለየት በሙቅ ውኃ ያጥባል። እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። እሱ ግን ከእንግዲህ ዓይኔን አላምንም አለና ትንሽ ሞረድ ገዝቶ ኪሱ ከተተ። ወርቅ ከሆነ እስከ ውስጡ ወርቅ መሆን አለበት ባይ ነው። እጁ የገባውን ሳንቲም ሁሉ ሳይሞርድ አይቀበልም። ሚስቱ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ደብቃ ነበር ይባላል፤ አልፈርድባትም።

ክረምቱ ሲወጣ አበልጁ መጣ። እንደ ልማዱ ቋጠሮውን ቀስ ብሎ ፈታ። ነጋዴው በዚህ ጊዜ አንገቱን አላሰገገም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃል። ከቋጠሮው የወጣው የመዳብ ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን ከንጉሡ ራስ አጠገብ ምስር የምታህል ወርቅ ታበራለች። ገበሬው በዕድሜው እንዲህ ያለ አግኝቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሽጥልኝ ያለው ሰው ነበር፤ ይህ የአበልጄ ነው ብሎት አልፏል።

ነጋዴው ሞረዱን አወጣ። ገበሬው የሚሆነው ነገር ሳይገባው ነጋዴው ወርቋን ፋቃት። ከሥሯ መዳብ ብቅ አለ።

«አበልጄ፣ ይሄ የተለበጠ ነው» አለ ነጋዴው። «ፎርጅድ ነው። ሰው እርስዎን አታለለዎት ወይስ እርስዎ እኔን?»

ገበሬው የጋቢውን ጫፍ ሰብሰብ አደረገ።

«እኔ ከመሬት አነሣሁት። የማውቀው ይህን ብቻ ነው» አለና ወጣ። የቀረበለትን እህል አልቀመሰም። ከአበልጅ ቤት ሳይቀምሱ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

በቀጣዩ ዓመት ገበሬው አልመጣም። የክርስትና ልጁም ለበዓል አልተላከም። ነጋዴው ለጠየቀው ሁሉ ሲያታልለኝ የኖረ ሰው ነው ይላል፤ ነገር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ይናፍቀው ነበር። ሰው የሚወደውን ሲጠረጥር ጠርጥሮም አይገላገልም።

በኋላ እኚያ አዛውንት ሊጠይቁት ጎራ አሉ። ሐሰተኞቹን ካጠራቀመበት ሣጥን ውስጥ ያቺን ሳንቲም አነሡና ማን ነው የፋቃት ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አላቸው፣ ኮራ ብሎ።

«እውነተኛ ነበረች» አሉት። «የዚያ ዘመን አንጥረኞች በመዳብ ላይ ወርቅ የሚያኖሩት ሰው ለማታለል አይደለም። የንጉሡን ራስ ለማክበር ነው። መዳቡም እውነተኛ ነው፣ ወርቁም እውነተኛ ነበር። አሁን ወርቁ የለም።»

ነጋዴው በማግስቱ ወደ ገበሬው ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ፣ ይቅር ይበሉኝ ብሎ። ገበሬው ድንጋዩን ከትከሻው አውርዶ አቀፈው። አብረው በሉ። ልጁ የክርስትና አባቱን ጉልበት ሳመ፤ ነጋዴውም ግንባሩን ስሞ አለቀሰ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅልኝ እኔም ደስ ባለኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ገበሬው እንደ ድሮው መጣ። ቋጠሮውን ፈታው። ውስጡ ያለው የብር ሳንቲም ነበር፤ ጠርዙ ላይ ግን አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል። ነጋዴው ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

«እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ራሴው ሞርጄ አመጣሁት» አለ ገበሬው። «ይመልከቱት፣ እስከ ውስጡ ብር ነው።»

ቂም አልነበረበትም። አሽሙርም አልነበረም። ከልቡ፣ በፍቅር ነው ያደረገው። ነጋዴውን የጎዳውም ይኸው ነው። ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉ ብሎ ለመነው፤ ሞረዱንም ገበሬው እያየ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ገበሬው እሺ ይላል፤ ደግሞ ሞርዶ ያመጣል። እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያልተፋቀ ሳንቲም ለአበልጁ አላመጣም።

እንግዲህ ትርሲት፣ ሳንቲሙ ያ እጮኛሽ ነው፤ ሞረዱም አዲሱ ሲም ካርድሽ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ አግቢ አላልኩሽም፤ ሞኝ እንድትሆኚልኝ አላሳደግሁሽም። እይው። ለአንቺ ፊቱን ማሳመሩ አይቀርም፤ አንቺ ጠርዙን እይ። አስተናጋጇ ያላዘዘውን ስታመጣበት ምን ይላታል? እናቱ ሥራ ላይ እያለ ደጋግማ ስትደውልበት በምን ድምፅ ነው የሚያነሣው? ይህን ለማየት ጊዜ እንጂ ተንኮል አያስፈልግም። ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ብትፍቂው መዳብ ማግኘትሽ አይቀርም። አንቺንስ ብንፍቅሽ? ክርስትና ያነሣሁሽ እኔ ነኝ፣ መዳብሽን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ግን ይኸው እንደ ዓይኔ ብሌን እወድሻለሁ። ልጁ አንቺ ስትመጪ ሸሚዙን ቢተኩስ፣ ንግግሩን ቢያለዝብ፣ ማስመሰል ነው አትበይ። ማክበሩ ነው።

አንቺ የምትፈሪው ፈተናውን እንዳይወድቅ ነው። እኔ የምፈራልሽ ደግሞ ቢያልፍ ነው። ያቺን የማያውቃትን ሴት በጨዋ ደንብ እጮኛ አለኝ ብሎ ይመልሳታል እንበል። አንድ ቀን ያቺ ሴት አንቺ እንደነበርሽ ይሰማል። ይቅርም ይልሻል፤ ጥሩ ልጅ ነው። ከዚያ ትጋባላችሁ። ከሥራ ሲገባም፣ እንዴት ዋልሽ ከማለቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥልሻል።