ወንዙ የወሰደው እንጨት

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ይመኙሻል፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እማማ፣ የልጄ የእግር አጥንት ተሰብሮ መሐሉ ጎድሏል፤ ሐኪሙ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ልሙላበት፣ ኋላ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል አለኝ። የሚጠፋ ነገር እንዴት እግር ያቆማል? እሺ ልበል ወይስ እምቢ?» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ ስሚ።

ሰውየው ሀብታም ነበር፤ ሴት ልጁን ለወንዝ ማዶ ሰው ሊድር ነው። ቀሚሷ ሳይረጥብ ትሻገር ብሎ የድንጋይ ድልድይ አሠራ። ግንበኛው መጀመሪያ እንጨት አጉብጦ በልጥ አሰረና ድንጋዩን በላዩ ደረደረ። ከወዲህና ከወዲያ የመጣው ድንጋይ መሐል ላይ ተገናኝቶ ኖራው ሲደርቅ፣ አሁን እንጨቱን ላንሣው አለ።

ሀብታሙ ተቆጣ። ድልድዩን የተሸከመው እንጨቱ ነው፣ እሱን የነካ ልጄን ገደለ አለ። ግንበኛውን አባረረና እንጨቱን ዳር ካለ ዛፍ ጋር በጠፍር ጠፈረው። ቅቤ እንጂ ምክር የማይገባው ራስ አለ፤ የሱ እንደዚያ ነበር።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን በበቅሎ አስቀምጠው ሊሻገሩ ሲሉ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ደረሰ። ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል ሁሉ እንጨቱ ላይ ተጠመጠመ። ውሃው መውጫ አጥቶ ድልድዩን ይገፋው ጀመር። ሚዜዎቹ ዘፈናቸውን ዋጡ። ግንበኛው ቢባረርም ጠጁ አልቀረበትም ነበርና ከሰው መሐል ወጣ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ እርስ በርሱ ተያይዟል። አሁን የሚጥለው እንጨቱ ነው፤ ጠፍሩን ይቁረጡት» አለ።

ሀብታሙ ልጁን አያት። እሷም ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ ወይ ቁረጠው፣ ወይ እዚሁ ቁሜ ቀርቼ ስጨቀጭቅህ ልኑር» አለችው።

ይሄ ሳያስፈራው አልቀረም። ቢላዋውን መዘዘና ጠፍሩን ቆረጠው። እንጨቱን ወንዙ ይዞት ሄደ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጥ ድልድዩ ቆሟል፣ ውሃውም ከሥሩ እየፎከረ ያልፋል። ሙሽራዋን ቀድሞ፣ ኩታው መሬት እየጠረገ፣ እስክስታ እየወረደ የተሻገረው ማን ይመስልሻል? ራሱ ሀብታሙ ነው።

አየሽ ይመኙሻል፣ ያ ሙልጭልጭ ነገር እንጨቱ ነው። ድንጋዩ የልጅሽ የገዛ አጥንቷ ነው፤ ከወዲህና ከወዲያ እየመጣ በሱ ላይ ይገናኛል። ሥራውን ሲጨርስ መሄዱን እንደ ጉድለት አትቁጠሪበት፤ መሄጃ ጊዜውን የሚያውቅ እንግዳ ስንት አለ? ያንቺውማ ራሱ ሟሙቶ ስለሚሄድ ቢላዋም አያስመዝዝም። ተነሺ፣ ሐኪሙን እሺ በይው። በዚያች እግር ሠርጓ ላይ ስትጨፍር ታዲያ ፊት ለፊቷ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።