የሼህ በያን የዓሣ ገንዳ

አላህ ይዘንላቸውና፣ ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት አንዴ ብቅ በሚልባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ በያን የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። በጓሯቸው የድንጋይ ገንዳ ዓሣ ያረባሉ። ዓሦቹ ያቆሸሹትን ውኃ በሸንበቆ ቦይ ጎመንና ሰላጣ ወደ ተተከለበት የጠጠር መደብ ይለቁታል። ጎመኑና ሰላጣው ከኩሱ ምግቡን መጥጠው ያጠሩታል። ከመደቡ ሥር የተጠራቀመውን እሳቸው በቅል እየቀዱ ወደ ዓሦቹ ይመልሱታል። አዝመራው ለየቲሞች ሰደቃ ነው። ሰዉ «ሼሃችን ኩስ አብልተው ሰላጣ ያበቅላሉ» እያለ ሲያሾፍባቸው እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ድርቁ ሲጠና የከተማዋ ሹም ሸረፋ የሕዝቡን ጉድጓድ አጥሮ «ያባቴ ነው» አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ጉድጓዱን አንዲት ደግ ሴት ለአላህ ብላ ማንም የግሉ የማያደርገው የሕዝብ ወቅፍ ስታደርገው ከመሰከሩት ውስጥ በሕይወት የቀሩት ሼህ በያን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሹሙ ወደ ጓሯቸው መጣ፤ ሎሌው የተወቀጠ እንዶድ በከረጢት ተሸክሟል። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ ገንዳ ከገባ ግን አንድ ዓሣ አያስተርፍም።

«ሼሃችን፣ የኔ ጉድጓድ ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አለ ሸረፋ። «የእርስዎ ውኃ እንደሁ ዞሮ ይመለሳል። ከዐስር ሶላት በኋላ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ‹የሸረፋ ነው› ይበሉልኝ። እምቢ ካሉ...» ከረጢቱን በአገጩ አመለከተ።

ሼሁ ዞረው ገንዳውን አዩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በየማለዳው የሚያናግሩት እነዚያን ዓሦች ነበር።

«እስከ ዐስር ታገሰኝ» አሉት። ሸረፋ እጅ የሰጡ መስሎት ፈገግ ብሎ ሄደ።

ሼሁ መረባቸውን አነሡ። ቢስሚላህ እያሉ፣ እያለቀሱም፣ ዓሦቹን በሙሉ አወጡ። ጎመኑን ነቅለው የየቲሞቹን እናቶች ጠሩና ከዓሣው ጋር አካፈሏቸው፤ ውኃውንም ለተጠሙ ከብቶች አጠጡ።

«ምነው ሼሃችን፣ ለዘር እንኳ አያስቀሩም?» አለች ሩቅያ የምትባል እናት።

«ካስቀረሁ ሸረፋ በሱ ይይዘኛል፣ ልጄ።»

ዐስር ተሰግዶ ሕዝቡ ሲወጣ ሼሁ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሙ። «ወላሂ፣ ይህ ጉድጓድ ወቅፍ ነው! የሸረፋም የኔም አይደለም። የተጠማ ሁሉ ይጠጣበት!»

«ሂድ ድፋበት!» ብሎ ሸረፋ ሎሌውን አበረረው። ሎሌው ከረጢቱን እንደታሰረ ይዞ ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ገንዳው ደርቋል። የት ልድፋው?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙን ሲፈራ የኖረ ሕዝብ አንዴ ከሳቀ መልሶ አይፈራም፤ አጥሩን ነቃቅሎ ጣለው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ባዶህን ቀረህ እኮ!» አለ ሸረፋ።

«ለአላህ የሰጠሁትን አንተ አትቀማኝም» አሉት ሼሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰብር፣ ትዕግሥት፣ ሲባል አንገት ደፍቶ መቀመጥ የሚመስለን ብዙ ነን። እኚህ ሰው ግን በሰብር ቀና ብለው ቆሙ። በደለኛ የሚይዘን በምንሳሳለት ነገር ነው፤ ለእንጀራችን፣ ለወንበራችን ስንል ስንቱን ሐቅ ዋጥነው! ዓሦቹስ ተመለሱ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተመለሱም። ገንዳው ሼሁ እስኪሞቱ ባዶውን ኖረ ይባላል። በቀብራቸው ዕለት ግን ጀናዛቸው የታጠበው በዚያ ጉድጓድ ውኃ ነበር፤ እኔ ልቅዳ፣ እኔ ልቅዳ እያለ ከተማው ሁሉ ተሻምቶበታል።